የራቢያ ብቅል

ፊቴን ለጠርሙሳቸው ፈለጉት፤ እጄን ግን አልፈለጉትም። ነገሩ ይኸው ነው።

የልጅ ልጄ መድኃኒት፣ ኦሎምፒያ አጠገብ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ቢራ መጥመቂያ ከፍታለች። ትልቅ ፋብሪካ አይደለም፤ የሠርግ ድንኳን የምታህል ቤት ናት። ውስጧ የተደረደሩት የብረት ጋኖች ግን ከቤቴ ጣሪያ ይረዝማሉ፤ ሲያበሩ መልክሽን አይተሽ ጸጉርሽን ታበጥሪባቸዋለሽ። አንድ ቀን ፎቶ አንሺ ይዛ መጣች። ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፣ «እማማ፣ ትንሽ ፈገግ በይ» አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ሥዕልሽ በጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩም «የእማማ» ተብሎ ይጻፋል አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ቢራው እምቢ አላቸው። ሁለት ጊዜ ጠምቀው ሁለት ጊዜ በቦይ ደፉት። ሦስተኛውን ሊደፉ ሲሰናዱ ነው እኔ የደረስኩት። ጠማቂው ደጉ ይባላል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው፤ እሱን አላማም። ዝም ብዬ ወደ አንዱ የብረት ጋን ተጠግቼ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ጭጭ። ጥግ ላይ ከተቆለለው ጆንያ ብቅል ቆንጥሬ ነከስኩ። የቀሩኝ መንጋጋዎች አራት ናቸው፤ ለዚህ ይበቁኛል።

«ብቅላችሁ ሞቷል» አልኳቸው። «እሳት አይቷል።»

ደጉ ሳቁን ዋጥ አደረገና «እማማ አይናለም፣ ብቅሉ እኮ የምርመራ ወረቀት አለው» አለኝ። «ችግሩ እርሾው ላይ ነው፤ ማለቴ፣ በመሣሪያ ነው የሚለካው፤ በጥርስ አይታወቅም።»

«እማማ፣ በቃ ቁጭ በይ፣ ይደክምሻል» አለች መድኃኒት። ወንበር አመጣችልኝ። የት አስቀመጠችው? በሩ ላይ፣ ከዘበኛው አጠገብ።

አርባ ዓመት ጠላ ሸጬ እናቷንም እሷንም ያሳደግሁ ሴት ከዘበኛ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ምስኪን ነው፤ ከቆሎው አካፈለኝ። እኔ ግን ቆሎውን ይዤ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ከጋን አጠገብ ስባረር ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። የመጀመሪያው ጊዜ ግን ይገባኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከተማችንን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ሊሞላ ነው። እናቴ ስትወልደኝ ሞታለች፤ አባቴ ማይጨው እንደሄደ ቀረ። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት እትዬ ቡዜ ናት። ቤታችን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ አጥሩ ከአጥር በተጠጋጋበት መንደር ውስጥ ነበር። ከማዶ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በምትሉት በኩል፣ ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት ያሠራል። ስሙ ራሱ ያኔ ገና በሰው አፍ አልተገራም፤ እኛ «ግንቡ» ነበር የምንለው። ማታ ማታ ሠራተኞቹ በኛ በር ወደየቤታቸው ሲወርዱ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግራቸው ነጭ ነበሩ። ኖራ ነው። እኔ ዱቄት ይመስለኝና ወፍጮ ቤት ይሠራሉ እያልኩ እቀናባቸው ነበር።

እትዬ ቡዜ ፈታይ ነበረች። የጣሊያን አቡጄዲ ከተማውን ሲሞላው ፈትሏን የሚጠይቃት ጠፋ። አንድ ቀን እንዝርቷን ግድግዳው ላይ ሰካችና እነዚያን ነጫጭ ሰዎች ቆማ አየቻቸው። «እነዚህ ሁሉ ተጠምተው ነው የሚያልፉት» አለች። በማግስቱ ሁለት ጋን ገዛች።

ጠምቃ ግን አታውቅም። ድሮ በናቷ ቤት ሌሎች ሲጠምቁ አይታለች፤ በቃ፣ ያን ያህል ነው። ርጥብ ብቅል ገዝታ መጣች፤ ፀሐይ አስጥታ ቀናት መጠበቅ አቃታትና በምድጃው ዙሪያ ዘርግታ በእሳት አደረቀችው። ጋኑን ሞላች፣ ከደነች። ከዚያ አንዲት የጣሊያን የቲማቲም ጣሳ በእንጨት ጫፍ ላይ ደፍታ በር ላይ አቆመች። ጣሳ ከተደፋ ጠላ አለ ማለት ነው፤ ያን ማንም መንገደኛ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የገባው ዋቅጅራ ነበር፤ የግንበኞቹ አለቃ፣ ሪዙ ከነኖራው የዶሮ ጭራ የሚመስል ሰውዬ። ሦስት ሰዎች አስከትሏል። አንድ ጊዜ ተጎነጨ፤ አልዋጠውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንትፍ አለ።

«እትዬ ቡዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ጠላ ነው ወይስ ልጅቷ እግሯን የታጠበችበት?»

ሰዎቹ በሳቅ ወደቁ። እኔ እግሬን አየሁ፤ ቆሻሻ ነው። እንግዲያው እኔ አልታጠብኩበትም ብዬ ተጽናናሁ። እትዬ ቡዜ ግን የሰዎቹን ዋንጫ አንድ በአንድ ሰበሰበች።

ሰዎቹ ሲወጡ ጎረቤታችን መብርሂት ገባች። መብርሂት ያልጠሯት ቦታ ሁሉ የምትገኝ ሴት ናት። ጋኑን ከፍታ አየችና ደረቷን ደቃች። «አይ ቡዜ! ይህ የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ሰላቢ ገብቶብሽ ነው!»

«ሰላቢ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የሰው ቤት በረከት የሚሰርቅ ነዋ! ቅቤውን ከቅሉ፣ ኃይሉን ከጠላው ስቦ ወደ ራሱ ቤት የሚያጋባ።»

«እንዴት ይታወቃል?»

«ጋን ላይ አጎንብሶ ያነበንባል፤ የወሰደውን ደግሞ ሸፋፍኖ ይዞ ይወጣል። ዓይንሽን ክፈቺ፣ የኔ ልጅ።»

ከፈትኩ። ምን ቸገረኝ! እንደዚያ ቀን ዓይኔን ከፍቼ አላውቅም።

እትዬ ቡዜ ወደ ራቢያ ሄደች። ራቢያ የልብስ ሰፊው የኑሪ ሚስት ናት፤ ከኛ ሦስት አጥር ዝቅ ብሎ በራፏ ላይ ብቅልና ጌሾ ትሸጣለች። አገራቸው ወደ ቡታጅራ ነው። እስላም ናትና ጠላ በአፏ ዞሮ አያውቅም። «የማትጠጪውን የምትሸጪ» እያሉ ይቀልዱባታል። «ብቅል እህል ነው፣ ጌሾ ቅጠል ነው» ትላቸዋለች። «ከዚያ ወዲያ ያለው የናንተ ነው።»

መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗ የማይቸኩል ሴት። ጋኑን አልቀመሰችም፤ ጆሮዋን አፉ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

«አይናገርም» አለች። ከተረፈው ብቅል አንስታ ነከሰች። «ቡዜ፣ እሳት አሳየሽው እንዴ?»

«ቸኩዬ እኮ ነው፣ እቴ...»

«ገደልሽዋ! ብቅል በፀሐይ ነው የሚደርቀው። እሳት ከነካው ነፍሱ ትወጣለች፤ ገንፎ አድርገሽ ብይው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ራቢያ በየጠዋቱ ትመጣ ጀመር። ትምህርት ቤታቸው የኛ ጓዳ ነበር። እኔ ግን አልገባም። «ያልተጠራ ዓይን ጋን አያይም፣ ውጪ» ይሉኛል። ምጣኔው ቢበላሽ፣ ድንገት ቢኮመጥጥ፣ ዓይን በዛበት ይባላል። ብቅል ላገላብጥ ብል ውጪ፣ ጌሾ ልውቀጥ ብል ያስነጥስሻል ውጪ። የጭቃው ግድግዳ ላይ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች። የተማርኩት ሁሉ በዚያች ስንጥቅ የገባ ነው።

ገብሱን አንድ ቀን ሲዘፈዝፉት፣ ከዚያ ኮባ ቅጠል ላይ ዘርግተው በሌላ ኮባ ሸፍነው ድንጋይ ሲጭኑበት አየሁ። በሦስተኛው ቀን ሲገለጥ ዝናብ የመታው ሣር ይሸታል፤ ከየፍሬው ነጭ ነገር ወጥቶበታል። ትል መሰለኝና አፌን በእጄ ያዝኩ። ትል አልነበረም፤ ሥር ነው። ራቢያ ጥቂቱን አንስታ ለእትዬ ቡዜ አሳየቻት። «ከፍሬው እኩል እስኪረዝም ጠብቂ። ካለፈ ሣር ይሆንብሻል፣ ካጠረ ድንጋይ ነው።» ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ንከሺ ትላታለች። እትዬ ቡዜ ትነክሳለች። «ምን ይላል?» ትላታለች። እትዬ ቡዜ እያፈረች «ቀጭ ይላል» ትላለች። «ሌላስ?» «ጣፈጠኝ።» «እህ! ሲጣፍጥ ሕያው ነው።»

በዚያች ስንጥቅ ምራቄን ስውጥ ማንም አላየኝም።

ጋኑ በግራዋ ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ። ጌሾው በውሃ ተጠነሰሰ። ብቅሉ ከተጋገረው ቂጣ ጋር ገባበትና ወፍራም ድፍድፍ ሆነ። ራቢያ በየጠዋቱ ታጎነብስበታለች፤ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ታሸትታለች፣ ጣቷን ነክራ ሙቀቱን ታያለች፤ ጣቷን ግን ወደ አፏ አትወስድም።

«ሳትቀምሺ እንዴት ታውቂዋለሽ?» አለቻት አንድ ቀን እትዬ ቡዜ።

«አዋላጅ ሕፃኑን ትቀምሳለች?»

ሁለቱም እየተያዩ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም ሌላ ነገር አይቻለሁ። ራቢያ ጋኑ ላይ ባጎነበሰች ቁጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም፤ ብቻ ያነበንባል።

ቢስሚላህ እያለች ነበር። የእግዜርን ስም እየጠራችልን። ያኔ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጠላው ተናገረ። ጋኑ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚል፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ዓይነት ድምፅ እኔም በስንጥቄ ሰማሁት። ዋቅጅራ እየተጠራጠረ መጣ፣ ተጎነጨ፣ ዋጠ። ጣሳውን ሦስት ጊዜ አስሞላ።

«እትዬ ቡዜ፣ የልጅቷ እግር ጠዳ ማለት ነው» አለ።

«የርስዎ አፍ ነው የጠዳው» አለችው።

ሳቀና ቁም ነገሩን አመጣ። ለጥር ቂርቆስ ሰማንያ ሠራተኞቹን ሊጋብዝ ነው። አምስት ጋን ይፈልጋል። «በሰው ፊት ካላሳፈሩኝ፣ ግንቡ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ በር አናንኳኳም። ካሳፈሩኝ ግን እግራችንን አያዩትም።» ግንቡ ገና መሠረቱ ነው። ለሁለት ሴቶች ያ ማለት እንጀራ ነው፤ እትዬ ቡዜ ዳግም የሰው ደጅ ላትጠና ነው።

ችግሩ ወረቀቱ ነበር። በመንደራችን ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁለት ጋን ብቻ ነው የተፈቀደላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብረጻድቃን የሚባል አስተርጓሚ ከአንድ ጣሊያን አሥር አለቃና ከወታደሮች ጋር እየዞረ ይቆጥራል፤ ሦስተኛ ጋን ካየ በሰደፍ ያስፈልጠዋል።

በስንጥቄ አዳመጥኩ። ሁለቱ ሴቶች ተጠጋግተው ያንሾካሹካሉ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ «ኑሪስ?» አለች እትዬ ቡዜ። «ኑሪን ለኔ ተዪው» አለች ራቢያ፤ ቀጥላም «ኃጢአቱ ግን ያንቺ!» ብላ በሳቅ ፈነዳች።

ኃጢአት። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

ከዚያ ራቢያ ጎህ ሲቀድ መምጣት ጀመረች። ባዶ እንስራ ይዛ ትገባለች፤ ስትወጣ እንስራው በሻሿ ተሸፍኗል፣ ወገቧም ጎብጧል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ተከተልኳት። በአጥራቸው ቀዳዳ ሳይ፣ ከኑሪ የስፌት መኪና በስተጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ጋኖች ተደርድረዋል። አፋቸው በጨርቅ ታስሯል። የኛን በረከት ወደ ቤቷ አጋብታዋለች።

ሮጬ ለእትዬ ቡዜ ነገርኳት። «እትዬ፣ ራቢያ ሰላቢ ናት! አይቻታለሁ!»

ሙቀጫውን ለቀቀችው። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። «ዝም በይ! ሁለተኛ ይህች ቃል ካፍሽ ብትወጣ በርበሬ ነው የማጥንሽ።»

«እርስዎ አላዩም እንጂ...»

«ውጪ!»

ወጣሁ። አይ የኔ ንዴት! እሷንም አስማት ይዟታል አልኩ። በዚያ ቤት ዓይን ያላት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚሰማኝ ግን የለም። ልጅ ስለሆንኩ ነው፣ የሙት ልጅ ስለሆንኩ ነው፣ ጋን አትይ የተባልኩ ስለሆንኩ ነው። አንድ ቀን ሁሉም ያመሰግኑኛል አልኩ።

የቂርቆስ ዋዜማ ቅዳሜ ዋለ። ዕቅዳቸው ቀላል ነበር፤ ዛሬ ነው ቀላል መሆኑ የታየኝ። ቆጣሪዎቹ መጥተው ሲሄዱ በራቢያ ቤት ያለው ድፍድፍ ውሃ ይጨመርበታል፤ እሑድ ጠዋት ተጠልሎ በኛ በር ይቀርባል።

ገብረጻድቃን መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሁለቱን ጋን ቆጠረ፣ ወረቀቱ ላይ አሰመረ። ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ። ከሱ በፊት ካራሜላ በልቼ አላውቅም።

«ሌላ የለም አይደል፣ እትዬ ቡዜ?»

«ከየት አምጥቼ፣ ጌታዬ።»

ካራሜላው ምላሴ ላይ ነበር። «እኛ የለንም» አልኩ። «ሰላቢዋ ወስዳብን ነው። ራቢያ ቤት ሦስት ጋን ሙሉ አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እትዬ ቡዜ በእጇ የያዘችውን ማጥለያ ጨርቅ ጠመዘዘችው። ገብረጻድቃን ወደኔ አላየም፤ መሬቱን አየ። አሥር አለቃው ተጠግቶ «ኬ ዲቼ?» አለው፤ ምን አለች ማለቱ ነው። ገብረጻድቃን አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አሥር አለቃው ደገመለት፤ አሁን በቁጣ ነው። ያን ጊዜ ተረጎመለት።

ያ ሰው ለምን እንዳመነታ ሳልገነዘብ ስንት ዓመት ኖርኩ! እኔ እጄን ዘርግቼ የሚቀጥለውን ካራሜላ እየጠበቅሁ ነበር።

ጋኖቹ ሲፈለጡ ድምፃቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ። ድፍድፉ ወፍራም ነው፣ ጥቁር ቡናማ ነው፤ በራቢያ ደጃፍ ወጥቶ ቁልቁል በመንገዱ መሐል ወረደ። ጊዜው ወንዶቹ ከሶላት የሚመለሱበት ነበር። እግራቸውን እያነሱ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ሽታውን ሰማና «ኑሪ... በአንተ ቤት?» አለ። ኑሪ ክር የገባበት መርፌ በጣቱ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ራቢያ የአንዱን ጋን አንገት ታቅፋለች። ገሉን ነው፤ ሌላው የለም።

ዞራ አየችኝ። የተያዘች ሌባ እንዴት እንደምታይ አላውቅምና እንዲህ ነው አልኩ።

እትዬ ቡዜ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ። ትገርፈኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ታመሰግነኛለችም ብዬ ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላደረገችም። ከደፉ ውጭ አቆመችኝና «ከዛሬ ጀምሮ ጋኔ አጠገብ እንዳትደርሺ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ቀናችብኝ አልኩ። እሷ ያላየችውን ሌባ እኔ ስለያዝኩ ቀናች።

እሑድ ሰማንያ ሰው መጣ። ሁለት ጋን። ግማሹ ሰው ሳይቀምስ ጠላው አለቀ። የታቦቱ እልልታ ከላይ ይሰማል፤ የኛ ግቢ ውስጥ ሰው ባዶ ጣሳ ይዞ ይተያያል። ዋቅጅራ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «እትዬ ቡዜ፣ በሰው ፊት አቆሙኝ» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ሽቅብ ሌላ በር ሄደ። እግራቸውን አላየነውም፤ ቃሉን ጠበቀ።

እትዬ ቡዜ ጣሳዋን ከእንጨቱ ላይ አወረደች። ከአንድ ወር በኋላ ራሷ ግንቡ ጋ ተቀጥራ ኖራ ተሸካሚ ሆነች። ማታ ስትመለስ እንደነዚያ ሰዎች ነጭ ናት። ዱቄት አለመሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ ራሷን ሳጥባት እጄን ያቃጥለኝ ነበር።

ኑሪን ልብስ የሚያሰፋው ጠፋ። የገዛ ወገኖቹ ጨርቃቸውን እያነሱ ሄዱ። ወሩ ሳይሞላ ዕቃቸውን በሁለት አህያ ጫኑ። ሊሄዱ ሲሉ ራቢያ በራችን ላይ ቆማ ስሜን ጠራች። እትዬ ቡዜ ከኋላዬ «ሂጂ» አለችኝ። ፈራሁ፤ ሄድኩ።

ጭብጧን ፈታች። ብቅል ነው። «ነክሰሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነከስኩ። በስንጥቅ እያየሁ የተመኘሁት ነገር ነው። ቀጭ አለ። ከዚያ ጣፈጠኝ፤ እንደ ካራሜላው ዘሎ የሚመጣ ጣፋጭ አይደለም፣ ቆይቶ ከታች የሚወጣ ነው።

«ምን ይላል?»

አስማት ያዘኝ ብዬ ደነገጥኩና ተፋሁት። እግሯ ላይ ነው ያረፈው።

ራቢያ እግሯን አየች፣ እኔን አየች። «መትፋቱን ትፊው» አለችኝ። «ጣዕሙን ግን አትርሺው።» አህዮቹን ተከትላ ወረደች።

እውነቱን ያወቅሁት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጣሊያን ወጥቷል፤ እኔም ባል አግብቻለሁ፣ ምላሴ ግን ያው ነበር። አንድ ማኅበር ላይ በልጅነቴ ሰላቢ እንዴት እንደያዝኩ ስፎክር እትዬ ቡዜ ተነሥታ ወጣች። ቤት ስደርስ በጨለመ ፊት ጠበቀችኝ።

«ድፍድፉ የኛ ነበር» አለችኝ። «እስላም ቤት ጠላ አለ ብሎ ማን ይፈትሻል ብላ በአደራ ያስቀመጠችልኝ ነበር። ድፍድፍ ገና ጠላ አይደለም፣ ውሃ የምትጨምሪበት አንቺ፣ ኃጢአቱ ግን ያንቺ ብላ ስታስቀኝ ሰምተሻል፤ ጆሮሽ ግማሹን ነው የሰማው። እንዳልነግርሽ ያስማለችኝ እሷ ናት። ልጅ ናት፣ ይህን ተሸክማ አትደግ አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። አንቺ ግን ማዕረግ አደረግሽው!»

በጭነት መኪና ቡታጅራ ድረስ ሄድኩ። ሦስት ቀን ጠየቅሁ። ሁለት ራቢያ አገኘሁ፤ የኔዋ አይደሉም። ተመልሼ ጣሳዋን ከእትዬ ቡዜ ሣጥን አወጣሁና በእንጨት ላይ ደፋኋት። አርባ ዓመት ቆማለች። በነዚያ አርባ ዓመታት በጥርሴ ያላለፈ ብቅል ወፍጮ ገብቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ መድኃኒት ጠርሙሱን ይዛልኝ መጣች። ባዶ ነው፤ ምን ቢራ አላቸውና። ፊቴ ተለጥፎበታል፤ ፈገግ ብያለሁ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን የዚህን ታሪክ እውነት ያን ዕለት ለሷ ነገርኳት። አለቀሰች። ልጅቷ ልብ አላት፤ ዓይኗን ጠርጋ ወዲያው «እማማ፣ እንግዲያው የራቢያን ስም እንጻፍበት! የእማማ መባሉ ይቅርና የራቢያ ይባል!» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ያቺን ሴት ሁለተኛ ጊዜ ጠላ ቤቷ ልታስገቢባት ነው? አንድ ጊዜ በኔ ምላስ ተዋረደች፤ አሁን ደግሞ በየመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ልታዞሪያት?»

ደነገጠች። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

የምታደርጊውን ልንገርሽ አልኳት፤ አሁንም እነግራታለሁ፤ ይህንንም የምናገረው እሷ እንድትሰማው ነው። የራቢያን ስም የትም እንዳትጽፊ። የኔንም ፊት ከጠርሙሱ ላይ ላጪው፤ እጄን ያላመነ ፊቴን አይሽጥ። ነገ ጠዋት ያን ወንበር ከዘበኛው አጠገብ አንሺና ከብቅሉ ጆንያ ፊት አስቀምጪልኝ። እያንዳንዱን ጆንያ ፍቺው። በጥርሴ ያላለፈ አንድ ፍሬ ወፍጮ እንዳይገባ። ደጉንም ጥሪልኝ፤ መሣሪያውን ያስቀምጥና እጁን ይዘርጋ። ያ የተቃጠለው ብቅላችሁ አለ፤ ከሱ አንድ ጭብጥ፣ በፀሐይ ከደረቀው ደግሞ አንድ ጭብጥ እሰጠዋለሁ። ሁለቱንም ይንከስና ምን እንደሚል ይንገረኝ።

ቢተፋው አልቆጣም። እግሬ ላይ ይትፋው።

ጣዕሙን ግን እንዳይረሳው።